ሰነዱ የታለ? ስለ ስደተኞቻችን የሚዘዋወሩ ቪዲዮዎችና የማጣራት ታሪክ

 

በሐሰት ወሬ ምክንያት ከስደት የተመለሱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች የተመለሱት ከእኛው አገር ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተላኩ በ5ኛው ዓመት፣ በ615 እ.ኤ.አ ገደማ፣ 12 ያህል ወንዶችና 4 ሴቶች ከመካ ግፍ ሸሽተው፣ ባሕር ተሻግረው ሐበሻ ገቡ። ዑሥማን ኢብኑ ዐፋንና ባለቤታቸው የነቢዩ ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ) ከመካከላቸው ነበሩ። በሰላም ተቀመጡ። ጥቂት ወራት እንደቆዩ ግን የመካ ሰዎች ሰልመዋል፣ መከራው አብቅቷል የሚል ወሬ ደረሳቸው። ስደተኛ ሌት ተቀን የሚናፍቀው ወሬ ነው። ጓዛቸውን ጠቅልለው ተመለሱ። መካ ሲቃረቡ ወሬው ሐሰት ሆኖ ተገኘ። አንዳንዱ ተደብቆ ገባ፣ አንዳንዱ እንደ ዑሥማን ኢብኑ መዝዑን የአንድ ባላባት ጥበቃ ይዞ ገባ፣ ሌላው ዳግም ወደ ስደት ተመለሰ። የጠበቃቸው መከራ ከበፊቱ የባሰ ነበር።

እነዚያ ደጋግ ሰዎች ወሬውን የሚያጣሩበት መንገድ አልነበራቸውም። በእነሱና በመካ መካከል ቀይ ባሕር ነበር። እኛ ግን ዛሬ በኪሳችን ሪያድንም፣ ሰንዓንም፣ ዋሽንግተንንም የሚያሳይ ስልክ ይዘን ሳለ ያልተጣራ ነገር ከመቀበላችን አልፈን ለሌላ እናስተላልፋለን።

ጉዳዩ የሚያንገበግብ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ በየመስጂዱ ግቢ ወጣቶች ስልክ ከበው ሲቆሙ ታያላችሁ። ሳዑዲ ውስጥ እህቶቻችን ሲጎተቱ፣ የመን ድንበር ላይ ወንድሞቻችን ሲገደሉ፣ አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ ሐበሻ ሲያፍስ የሚያሳይ ተብሎ የሚለጠፍ ቪዲዮ አለ። አንዱ እውነት ነው። አንዱ የሌላ አገር ነው። አንዱ የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። አንዱ ደግሞ ጭራሽ ያልተከሰተ፣ ማሽን የሠራው ነው። ሁሉም ግን በአንድ ዓይነት እንባና በአንድ ዓይነት ቁጣ ይታያል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፍ ወደ ኋላ ሄደን ማጣራት ራሱ ምን ታሪክ እንዳለው፣ በእኛም ስደተኞች ጉዳይ ምን እንደሠራ እናያለን፣ ኢንሻአላህ።

ነጃሺ ሁለቱንም ወገን ሰማ

ከመጀመሪያው ስደት በኋላ ሁለተኛው መጣ፤ ከ80 በላይ ወንዶች ከነሴቶቹና ልጆቹ። ቁረይሾች ዝም አላሉም። ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዐን የቆዳ ገጸ በረከት አሸክመው ላኩ። ዛሬ ብንሆን ስደተኞቹን አሳልፋችሁ ስጡን የሚል የመንግሥት ጥያቄ እንለው ነበር።

መልእክተኞቹ ብልሆች ነበሩ። ገጸ በረከቱን መጀመሪያ ለንጉሡ ባለሟሎች አደሉ፤ ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግር እንዲያስረክብ እንዲመክሩለትም ለመኗቸው። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የሐሰት ክስ አንድ ነገር ብቻ ይፈራል፤ የተከሰሰው ሰው አፍ አውጥቶ መናገሩን።

ነጃሺ ይህን አልተቀበለም። በአገሩ የተጠጉትን ሰዎች ጠርቶ ሳይጠይቅ እንደማያስረክብ ተናገረ። ጠራቸው፤ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ተነሥተው መለሱ። በማግስቱ ዐምር ሁለተኛ ክስ ይዞ መጣ፤ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) የከፋ ነገር ይናገራሉ አለ። ነጃሺ አሁንም ጠርቶ ጠየቀ። መልሱን ከሰማ በኋላ ገጸ በረከቱን መለሰ፣ ስደተኞቹን አስቀረ። እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች በዚህ ታሪክ እንኮራለን፤ ልክም ነው። ግን የምንኮራው በደግነቱ ብቻ መሆን የለበትም። ንጉሡ ስደተኛ ከማስጠጋቱ በተጨማሪ ወሬ አጣርቷል፤ ስደተኞቹም የዳኑት በማጣራቱ ነው።

ዐሊሞች በዓመተ ምሕረትና በቦታ ሐሰተኛን ያዙ

በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ምእመናንን ያዘዘውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያልታመነ ሰው ወሬ ሲያመጣ አጣሩ፤ አለዚያ ሳታውቁ ሰው ጎድታችሁ በኋላ ትጸጸታላችሁ የሚል ነው መልእክቱ። አንቀጹ መዘዙንም አብሮ እንደሚናገር አስተውሉ። ያልተጣራ ወሬ ሦስተኛ ወገን ላይ ጉዳት ያመጣል፤ ጸጸቱም ከጉዳቱ በኋላ ነው የሚመጣው።

በዚህ መሠረት ላይ ዐሊሞቻችን ትልቅ ሥርዓት ገነቡ። ሐዲስ ሲመጣ "ምን አለ?" ከማለታቸው በፊት "ከማን ሰማኸው? እሱስ ከማን?" ይሉ ነበር። ሰነድ ማለት ይህ ነው። ጃቢር ኢብኑ ዐብዱላህ (ረ.ዐ) አንዲት ሐዲስ ከባለቤቱ አፍ ለመስማት የአንድ ወር መንገድ ወደ ሻም ተጉዘዋል። ሐዲሱ አስቀድሞ ደርሷቸው ሳለ ነው ይህን ያደረጉት።

ሐሰተኛን የሚይዙበትም ብልሃት ነበራቸው። አንድ ሰው ኻሊድ ኢብኑ መዕዳን ከተባሉት ዐሊም ሰማሁ ብሎ ያወራ ነበር። መቼ እንዳገኛቸው ሲጠየቅ በ108 ዓመተ ሂጅራ አለ። የት ሲባል በአርመን ዘመቻ ላይ አለ። ጠያቂው አላህን ፍራ አለው፤ ኻሊድ በ104 ሞተዋል፣ በአርመን ዘመቻም ወጥተው አያውቁም። በሁለት ጥያቄ፣ መቼና የት፣ ውሸቱ ተራቆተ። ከ1,200 ዓመት በላይ የሆነው ይህ ዘዴ ዛሬ የቪዲዮ አጣሪዎች ከሚጠቀሙበት ጋር አንድ ነው። የትም ዩኒቨርሲቲ ሳንገባ ከኪታብ ቤት የወረስነው ዕውቀት ነው።

ስድስት ኪሎ፦ ምስክር የሚሆን ምስል

ወደ ከተማችን እንምጣ። ከፒያሳ በአራት ኪሎ አድርጋችሁ ወደ ላይ ስትወጡ ስድስት ኪሎ አደባባይ መካከል የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት ቆሟል። ብዙዎቻችን በታክሲ መስኮት አይተነው እናልፋለን። ከጎኑ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያን ጊዜ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም፣ ዕለተ ዓርብ፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚያው ግቢ ውስጥ ለድሆች ምጽዋት በሚታደልበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ በከተማው ሕዝብ ላይ የወረደውን ግፍ የሐውልቱ ቅርጻ ቅርጾች ይናገራሉ።

ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ነገር የዚያ ግፍ ማስረጃ የመጣበት መንገድ ነው። ከማስረጃዎቹ አንዱ ክፍል የጣሊያን ወታደሮች ራሳቸው ለማስታወሻ ያነሷቸው ፎቶዎች ናቸው። ገዳዩ ያነሳው ፎቶ በገዳዩ ላይ መሰከረ። የግራዚያኒ ቴሌግራሞችም እንዲሁ። ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ እነዚህን ሰብስባ ለዓለም አቀረበች። እንዲያም ሆኖ ግራዚያኒ በኢትዮጵያ ለሠራው ወንጀል ፍርድ ፊት አልቆመም። በ1950 እ.ኤ.አ የጣሊያን ፍርድ ቤት 19 ዓመት የፈረደበት ከጀርመን ጋር በመተባበሩ ነው፤ እሱንም ጥቂት ወራት ብቻ ታስሮ ወጣ።

የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 አለ። ታሪክ ጸሐፊው ኢያን ካምቤል ለዓመታት ሰነድና የዓይን እማኝ ሰብስቦ ወደ 19,000 ገደማ ገመተ። አንዳንድ ወጣት ይህን ሲሰማ ቁጥሩ ለምን ቀነሰ ብሎ ይቆጣል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። መቼ፣ የት፣ በማን እጅ ተብሎ ሰፈር በሰፈር የተቆጠረ 19,000 ካልተቆጠረ ብዙ ቁጥር ይልቅ ገዳዩን ያስጨንቀዋል፤ የተጣራን ነገር መካድ ከባድ ነውና። ግፍ ሲደርስ የሟች ወገን ትልቁ መሣሪያ የተጣራ ማስረጃ ነው። ትልቁ ጠላቱ ደግሞ ካጂው ብቻ አይደለም፤ በማዘን ስሜት የተሳሳተ ማስረጃ የሚጨምርለት ወዳጅም ጭምር ነው።

ሪያድ፣ 2006

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን ስደተኞች። በ2005 ዓ.ም ሳዑዲ ዐረቢያ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው የውጭ ሰዎች ወረቀታቸውን እንዲያስተካክሉ ወይም እንዲወጡ የጊዜ ገደብ ሰጠች። ገደቡ አንዴ ተራዝሞ ጥቅምት መጨረሻ 2006 ላይ አለቀ። ጥቅምት 25 (ኖቬምበር 4፣ 2013) አሰሳው ተጀመረ። ከቀናት በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሪያዱ መንፉሓ ሰፈር ግጭት ፈነዳ።

ያኔ በእጃችን የነበረው ፌስቡክና ዩቲዩብ ነው። ከመንፉሓ ሁለት ዓይነት ቪዲዮ ይወጣ ነበር። በአንዱ ሐበሾች ድንጋይ ሲወረውሩ ይታያል፤ በሌላው ሐበሻ ከቤቱ ተጎትቶ ሲደበደብ። የአገሬው ሰው አንደኛውን ይዞ "እነሱ ናቸው የጀመሩት" አለ። እኛ ሁለተኛውን ይዘን አለቀስን። የሳዑዲ ፖሊስ በመንፉሓው ግጭት 2 ሰዎች መሞታቸውን፣ 68 መቁሰላቸውንና 561 መታሰራቸውን ገለጸ። የኢትዮጵያ መንግሥት 3 ዜጎቹ መገደላቸውን ተናገረ። በየፌስቡኩ የሚጠቀሰው ቁጥር ግን ምንጭ አልነበረውም፤ በየሰዓቱ ያድግ ነበር።

ቪዲዮ የሚያሳየው ካሜራው የተከፈተበትን ደቂቃ ብቻ ነው። ከአምስት ደቂቃ በፊት ምን እንደሆነ፣ ካሜራው በዞረበት ሌላ ጎን ምን እንዳለ አይነግርም። ስለዚህ ሂዩማን ራይትስ ዎች ያደረገው የሁለተኛውን ቪዲዮ ብቻ መለጠፍ አልነበረም። እዚያው የነበሩ ኢትዮጵያውያንን ቃል ተቀበለ፤ ቃላቸውን ከቪዲዮዎቹ ጋር አገናዘበ፤ በዱላና በስለት የታጠቁ ሰዎች በስደተኞች ላይ ጥቃት ማድረሳቸውን በዚያ ላይ ተመሥርቶ ጻፈ። በማስረጃ የተጻፈው ያ ነገር ዛሬም አለ። በየሰዓቱ ያድግ የነበረው ቁጥር ግን ዛሬ ማንም አያነሣውም።

ሌላም ያሳዘነ ነገር ነበር። አንዳንዱ ቪዲዮውን "ሙስሊሞች ክርስቲያኖችን ሲያሳድዱ" የሚል ጽሑፍ እየለጠፈበት ያሰራጭ ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በባዶ እግራቸው ሲወርዱ ያየናቸው ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ የሄዱ ብዙ ሙስሊሞች ነበሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ሰው ተመለሰ። ያ የተሳሳተ ርእስ የእነዚህን ሰዎች ስቃይ ሰረዘው፤ የአንድ አገር የሠራተኛ ሕግ ያመጣውን መከራ የጎረቤታሞች ጠብ አደረገው። ስለዚህ ከቪዲዮው ይልቅ በቪዲዮው ላይ የተጻፈው መስመር ሊዋሽ እንደሚችል ልብ በሉ። ምስሉ እውነት ሆኖ ርእሱ ሐሰት የሚሆንበት ጊዜ እጅግ ብዙ ነው።

ማጣራት መካድ አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። "አጣሩ" ሲባል "አትመኑ" የተባለ የሚመስለው ወጣት አለ። ሁሉንም "ኤዲት ነው" እያለ ይስቃል። ይህም በደል ነው።

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን የገደለበትን ቪዲዮ ለቀቀ። አውሮፓ ለመሻገር የወጡ ስደተኞች ነበሩ። መንግሥት በመጀመሪያ ሰዓታት የሟቾቹን ዜግነት እያጣራሁ ነው አለ፤ በማግስቱ አረጋገጠ። እዚሁ አዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር ግን ቤተሰብና ጎረቤት የሁለት ልጆቻቸውን ፊት ለይተው ለቅሶ ተቀምጠው ነበር። በዚያ ቪዲዮ ላይ ከሁሉ በፊት የመሰከሩት መልኩን የሚያውቁት ሰዎች ናቸው። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም ድርጊቱን አወገዘ።

ያን ዕለት ሐዘንተኛ ቤት ሄዶ "ውሸት ነው" ያለ ሰው ካለ ዐሊሞች የሚሉትን ማጣራት አላደረገም። የሐዲስ ዐሊሞች ደካማውን እንደለዩ ሁሉ ሶሒሑንም ለይተዋል፤ ሶሒሕ የተባለውን ደግሞ በሙሉ ልብ ተቀብለዋል። ማጣራት ሁለት ፊት አለው። ሐሰቱን ስንጥል እውነቱን የመሸከም ግዴታ ይመጣብናል።

ከእስር ቤት የወጡ ስልኮች፣ ከተራራ የወጡ ምስሎች

በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ ሰሜናዊ የመንን የያዙት ሁቲዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ወደ ሳዑዲ ድንበር አባረሩ። ብዙዎች ድንበሩ ላይ ተተኮሰባቸው፣ የተረፉት ሳዑዲ ውስጥ ታሰሩ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ እስረኞቹ በደበቁት ስልክ ያነሷቸው ፎቶዎች የአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ፊት ገጽ ላይ ወጡ። በሙቀት የተቃጠሉ፣ ከወገብ በላይ ራቁታቸውን በጠባብ ክፍል የታጨቁ ወጣቶች ነበሩ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አምነስቲ ኢንተርናሽናል እስረኞችን በስልክ አነጋግሮ ያንኑ የሚያጸና ዘገባ አወጣ። በየካቲት 28 ቀን 2013 ደግሞ ሰንዓ ውስጥ በስደተኞች ማቆያ እሳት ተነሥቶ በአስር የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። የተረፉት ሰዎች የጠባቂዎቹ ተወርዋሪ እሳቱን እንዳስነሣ መሰከሩ።

ከሁሉ በላይ ግን ነሐሴ 15 ቀን 2015 (ኦገስት 21፣ 2023) የወጣውን የሂዩማን ራይትስ ዎች ዘገባ እናንሣ። ዘገባው የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ባለው ጊዜ ከየመን በሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን ላይ በሞርታርና በጠመንጃ ተኩሰው ቢያንስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን እንደገደሉ ይናገራል። ሥራው እንዴት እንደተሠራ ተመልከቱ። 42 ሰዎችን አነጋገሩ፤ ከእነዚህ 38ቱ ድንበሩን ለመሻገር የሞከሩ ናቸው። በቲክቶክ፣ በፌስቡክና በሌላም የተገኙ ከ350 በላይ ቪዲዮዎችንና ፎቶዎችን መረመሩ። በቪዲዮው የሚታየውን የተራራ ቅርጽ፣ መንገዱንና ሸለቆውን ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያይተው ቦታውን ለዩ። በካምፖቹ አጠገብ ያሉ መቃብሮች በወራት ልዩነት መስፋታቸውን ከሰማይ አዩ። ቁስሎቹን የሚያሳዩ ምስሎች ለሕግ ሕክምና ባለሙያዎች ተሰጡ።

መቼ፣ የት፣ ከማን? የኻሊድ ኢብኑ መዕዳን ጥያቄ በሳተላይት ተጠየቀ።

የሳዑዲ ባለሥልጣናት ውንጀላውን መሠረተ ቢስ ብለው አስተባበሉ። አሁን አስቡት። ከእነዚያ ምስሎች መካከል አንዱ የሶሪያ ወይም የሌላ አገር ምስል ሆኖ ቢገኝ ኖሮ፣ የሚያስተባብለው ወገን ስለ ቀሪዎቹ አንድ ቃል መመለስ ባላስፈለገው ነበር። አንዷን ሐሰተኛ አንሥቶ "ይኸው፣ ሁሉም እንዲህ ነው" ይል ነበር። ቆስሎ በሸለቆ የቀረው ወንድማችን ሁለተኛ ጊዜ የሚገደለው ያኔ ነው። እናንተ በቅን ልቡና ሼር የምታደርጓት የተሳሳተች ቪዲዮ የምታገለግለው ተኳሹን ነው።

ዛሬ፦ ማሽን የሚሠራው እንባ

ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የኢሚግሬሽን ቁጥጥሩ ጠብቋል። የ"አይስ" ወኪሎች የሚያደርጉት አፈሳ እውነት ነው፤ ብዙ እውነተኛ ቪዲዮም አለው። ከእውነተኛው ጎን ግን የቆየ ቪዲዮ እንደ ትናንት ተደርጎ ይለጠፋል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረከም ይዘዋወራል። በተፈበረከው ላይ አንዳንዴ የወኪሉ ልብስ ላይ ያለው ጽሑፍ ቃል የማይሆን የፊደል ክምር ነው፣ አንዳንዴ ቪዲዮውን የሠራው ፕሮግራም ምልክት ጥግ ላይ ይታያል፣ አንዳንዴ ደግሞ ምልክቱ ሆን ተብሎ ተደብዝዟል።

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያለች እህት ከፒያሳ በሚላክላት ቪዲዮ ምክንያት ልጇን ሐኪም ቤት ለመውሰድ ብትፈራ፣ ቪዲዮው ሐሰት ቢሆንም ጉዳቱ እውነት ነው። እናት አዲስ አበባ ተቀምጣ ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ ብታድር እንባዋ እውነት ነው። በተቃራኒው ደግሞ "ሳዑዲ ምሕረት አወጀች"፣ "ጉዞው ቀላል ነው፣ እኛ ደርሰናል" የሚሉ የሚያማልሉ ቪዲዮዎች አሉ። ከኋላቸው ደላላ አለ። ሐሰት በሁለት በር ይገባል፤ በፍርሃትና በተስፋ። ሐበሻ ላይ የነበሩት ሙሃጂሮች የተመለሱት በተስፋው በር ነበር።

ሊቢያ ያሉ አጋቾችም የማሠቃያ ቪዲዮ ለቤተሰብ ልከው ገንዘብ ይጠይቃሉ። እንዲህ ያለውን ፊት እያሳዩ በየግሩፑ መበተን ለታጋቹ አይጠቅምም፤ አጋቹን ዋጋ እንዲያስጨምር ያደርገዋል፣ ሌላ አጭበርባሪም የራሱን የባንክ ቁጥር ለጥፎ እንዲለምንበት ይረዳዋል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሰነዱን ጠይቁ። ቪዲዮውን የላከላችሁ ሰው ከማን አገኘው? "ከግሩፕ" ማለት ከማይታወቅ ሰው ማለት ነው። በሐዲስ ዐሊሞች ቋንቋ መጅሁል ነው። መጀመሪያ የለጠፈው ማን እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ መረጃው ተንጠልጥሎ ይቆይ።

ሁለተኛ፣ መቼ በሉ። ቪዲዮውን አቁማችሁ ስክሪን ሾት አንሡ፤ ጉግል ሌንስ ላይ አስገቡት። ያው ምስል ከዓመታት በፊት ወጥቶ ከተገኘ ነገሩ አለቀ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሦስተኛ፣ የት በሉ። የሱቅ ሰሌዳው በምን ፊደል ነው? የመኪናው ታርጋ የየት አገር ነው? ፖሊሱ የለበሰው የማን ዩኒፎርም ነው? ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙ፤ ዐረብኛው የየት አገር ነው? ከእናንተ መካከል ቋንቋውን የቀሩ፣ ሳዑዲ ወይም ቤይሩት የሠሩ አሉ። ተመላሿ ጎረቤታችሁ ለዚህ ሥራ ከማንም ባለሙያ ትበልጣለች። ጠይቋት።

አራተኛ፣ ርእሱን ከምስሉ ለዩ። ድምፁን ዘግታችሁ፣ ጽሑፉን በእጃችሁ ሸፍናችሁ እዩት። አሁን ያያችሁት ምንድን ነው? የሰዎቹ ሃይማኖትና ብሔር ከምስሉ ነው የታወቀው ወይስ ከለጣፊው?

አምስተኛ፣ ማስረጃ አታጥፉ። ዘመድ ከእስር ቤት ወይም ከድንበር ቪዲዮ ከላከላችሁ ዋናውን ፋይል አስቀምጡ። በዋትስአፕ ሲተላለፍ ጥራቱም ይቀንሳል፣ የተቀረጸበት ቀንና ቦታ መረጃም ሊጠፋ ይችላል። ቀኑን፣ የላከውን ሰው፣ የተነገራችሁን በወረቀት ጻፉ። የምታውቁትን ፊት አደባባይ አታውጡ፤ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል፣ ለሰብዓዊ መብት ድርጅት ወይም ለታማኝ ጋዜጠኛ አድርሱ። አጠራጣሪ ነገር ሲገጥማችሁ ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክን የመሳሰሉ አጣሪዎች በአማርኛ ይሠራሉ፤ ገጻቸውን እዩ።

ሕጉም መታወቅ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ያስቀጣል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ሙእሚን ግን ከሕጉ በፊት የሚያስፈራው ሌላ ነገር አለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰማውን ሁሉ ማውራት አንድን ሰው ውሸታም ለመባል እንደሚያበቃው አስተምረዋል። ፈብራኪው ብቻ አይደለም የተወቀሰው፤ ሳይለይ የሚያስተላልፈውም ነው። ሼር የምትለዋን ቁልፍ የሚጫነው ጣት በዚህ ውስጥ ይገባል።

አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ልክ ነው፤ ግን እነሱ ይህን ሲሉ ወሬ በበቅሎ ነበር የሚሄደው። ዛሬ ንጋቱ ሳይመጣ ሐሰቱ ሚሊዮን ቤት ደርሶ ጎረቤትን ከጎረቤት አጣልቶ ያድራል። ንጋቱን የምናቀርበው እኛው ነን።

የተበደለ ስደተኛ ምስክርነቱ አማናችን ነው። የየካቲት 12 ሰማዕታት ግፍ እስከ ዛሬ ያልተካደው በስድስት ኪሎ ድንጋይ ስለቆመ ብቻ አይደለም፤ ፎቶውን፣ ቴሌግራሙንና የዓይን እማኙን አንድ በአንድ የለቀሙ ሰዎች ስለነበሩ ነው። በመንፉሓ የተደበደበው፣ በሰንዓ የተቃጠለው፣ በድንበሩ ሸለቆ የቀረው ወገናችን ሐውልት የለውም። ያለው በየስልካችን የተበተነ እውነት ነው፤ ከሐሰቱ ጋር ተቀላቅሎ። መለየቱ የእኛ ሥራ ነው።

አላህ በስደት ያሉትን ወገኖቻችንን ይጠብቅ፣ የታሰሩትን ያስፈታ፣ ለሞቱት ቤተሰቦች ሶብር ይስጥ። ወላሁ አዕለም።